የተበሳው ጣሳ

«ጣሳው ሊሰቀል ነው!»

ስልኩን እንዳነሣሁ እናቴ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳትለኝ የተናገረችው ይህንን ነው። የምትደውለው ከመተማ ነው። ከኋላዋ ባጃጅ ይጮኻል፣ ሰው ይስቃል፣ አንድ ዶሮ ሳይቀር ይሰማኛል። «ሰማሽ ወይ ትርንጎ? ብቅልሽ አለፈ! እማማ አንዷን ፍሬ አፋቸው ከተቷት። አላመጡ፣ አላመጡ፣ እኛ ሁላችን ቆመን እናያቸዋለን። በመጨረሻ ‹የደረሰ ነው› አሉ። ሌላ ቃል የለም። ‹የደረሰ ነው› ብቻ!»

እንዴት እንደጮኽኩ ባልናገር ይሻላል። አብሬያቸው የምኖረው ሐጃ ዘይነባ ሚዛናቸውን እንደያዙ ከሱቃቸው ሮጠው መጡ።

«ምን ሆንሽ ያ ቢት፣ አንች ልጅ? እባብ ነው?»

«ብቅሌ አለፈ ሐጃ! ጣሳውም ሊሰቀል ነው!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ሚዛኑን መሬት አስቀምጠው በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡ። «ታዲያ ይሄ ያስጮኻል? ደንበኛዬን አስደነበርሽብኝ!»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በኛ አገር ጠላ የደረሰለት ቤት ደጁ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ያቆምና ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳውን ያየ መንገደኛ ማንንም ሳይጠይቅ ጎራ ይላል። የእናቴ አክስት እማማ አንጓች መተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠላ ቤት ነበራቸው፤ እናታቸው የጀመሩት፣ እሳቸው የወረሱት። ባላቸው ሲታመሙባቸው ቤቱን ዘግተው ድንበር አሻግረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት አመጧቸው። ባላቸው እዚሁ ሞቱ፣ እሳቸውም ሳይመለሱ ቀሩ። ያ ቤት የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴና እማማ ሊያቆሙት ወደ መተማ ተመለሱ፤ እኔ ትምህርቴን እስክጨርስ ሐጃ ዘንድ ቀረሁ። ለመጀመሪያው ጠላ የሚሆነውን ብቅል ግን «ትርንጎ ታብቅለው» ብለው የላኩብኝ እማማ ናቸው። በሐጃ ጓሮ አብቅዬ፣ አድርቄ፣ በጆንያ አስሬ፣ በልጃቸው መኪና በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል ሰደድኩት። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ደብተር ይዤ የተቀመጥኩት እንግዲህ ደስታዬን ልጽፍ ነው። ግን ጣቶቼ አሁንም ብቅል ብቅል ይሸታሉ፤ ያ ሽታ ደግሞ እጄን ይዞ ወደ አንድ ክረምት ወሰደኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚህ ኸሪፍ ይሉታል፣ የዝናቡን ወራት።

በዚያ ክረምት እናቴ ለሰሊጥ አራሚዎች ወጥ ልትሠራ ሩቅ እርሻ ተቀጠረች። የሠራተኞቹ ሰፈር ካምቦ ይባላል፤ ካምቦ ልጅ አያስገባም። ስለዚህ ከመተማ ይዛኝ መጣችና አይቻቸው የማላውቃቸው አክስቷ ደጅ ላይ አቆመችኝ። «እማማን አታስቸግሪ» አለችኝ። አቀፈችኝ፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ከዚያ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ትራክተሩ የሚጎትተው ተሳቢ ላይ ወጣች። ፊቷን ወደኔ አዙራ ነበር የተቀመጠችው፤ ሰው ሲበዛ ግን መሃላቸው ጠፋችብኝ። ብዙ እጅ ይወዛወዛል። የትኛው የሷ እንደሆነ ስላላወቅኩ ለሁሉም አወዛወዝኩ።

እማማ አንጓች ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ጠዋት ቁርሴን ይሰጡኝና በርበሬና ሽሮ ወደሚሸጡበት ሱክ፣ ወደ ገበያው፣ ይሄዳሉ። በሩን ከውጭ ይቆልፉታል። «አትፍሪ» ይሉኛል ሲወጡ። ምኑን እንደማልፈራ ግን አይነግሩኝም።

ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ የሣር ጎጆ፣ አንዲት መስኮት የሌላት የጭቃ ክፍል ነበሩ። እና እኔ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ልጆች በዓረብኛ እየተጯጯሁ ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ቃል አይገባኝም። አንዳንዴ ኳሷ አጥር ዘላ እኛ ግቢ ትወድቃለች። ያኔ ልጆቹ አጥሩን በእጃቸው እየመቱ ይጣራሉ። እኔ ኳሷን ታቅፌ ዝም እላለሁ። ክፋት አልነበረም። ከመለስኩላቸው መጣራታቸውን ይተዋሉ፤ ለዚያ ነው።

ከዚያ ውጪ መጫወቻዬ አንድ ጣሳ ነበር። ዝገት የበላው፣ ጎኑ የተጨራመተ፣ ሥሩ በሚስማር የተበሳ። ጎጆው ግድግዳ ላይ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት። የተበሳ ጣሳ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? እማማ ሌላ የሚሰቅሉት ጌጥ ስለሌላቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ሲወጡ አወርደዋለሁ፤ ሊመለሱ ሲሉ ቦታው ላይ ነው።

አንድ ጠዋት፣ በመጣሁ በሁለተኛው ቀን መሰለኝ፣ እማማ ጭቃ ክፍሏ ውስጥ ከሰው ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«እንዴት አደርክ? ሞቀህ? በርታ እንጂ።»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጨለማው ውስጥ አንድ ረጅም ነገር መሬት ላይ ተጋድሟል። እርጥብ ጆንያ ለብሷል። ዳርና ዳሩን ድንጋይ ተጭኖታል። እማማ ጎንበስ ብለው ዳበሱት፣ በቅጠል ውሃ እርጭ እርጭ አደረጉበት፣ በሩን ዘግተው ወጡ።

ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እናቴ በመንገድ ላይ «እማማ የተሻገሩት የታመመ ባላቸውን ሊያሳክሙ ነው» ብላኛለች። መሞታቸውን አልነገረችኝም። በቃ፣ ሰውዬው አሁንም አልተሻላቸውም ማለት ነው። ያን ቀን በዚያ በር ፊት ሳልፍ በእግሬ ጣት ነበር የማልፈው። እማማ ከሱክ ሲመለሱ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ባልዎ መቼ ነው የሚነሡት?»

ቅርጫታቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «የትኛው ባሌ?»

«ውስጥ የተኙት። ሕመማቸው አልቀለላቸውም?»

እማማ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። መሬት ቁጭ ብለው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ፤ መጥረጉ ከሳቁ ይልቅ ረዘመ። እጄን ይዘው አስገቡኝና የጆንያውን ጫፍ ገለጥ አደረጉልኝ። በጉሎ ቅጠል ላይ የተነጠፈ ማሽላ ነበር፤ ከየፍሬው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል።

«ማሽላ ነው የኔ ዓለም። ይዘፈዘፍና ጨለማ ውስጥ ይተኛል። ሥር ሲያበጅ ብቅል ይሆናል። አገራችን ቢሆን ለጠላ ነበር። እዚህ ጠላ ክልክል ነው፤ ፖሊስ ከሻ ሲወጣ ቤት ለቤት ይፈትሻል። ይሄ የዘይነባ ነው።»

ሐጃ ዘይነባ ከኋላችን ባለው አጥር ሱቅ ያላቸው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ከመጡ ዘመናቸው ነው። በዚያ ዓመት ሴት ልጃቸውን ለሱዳን ቤተሰብ ድረዋል። በዚህ አገር ወግ፣ የሙሽራዪቱ እናት ረመዳን ሳይገባ ለልጇ አማት ሕሉ ሙር ትልካለች። ሕሉ ሙር ከብቅል ተቦክቶ በስሱ ይጋገራል፤ ሲያፈጥሩ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጠጡታል። ጣፋጭ መራራ ማለት ነው ስሙ። የመጀመሪያው ዓመት ሕሉ ሙር ከተበላሸ ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ ይወራባታል አሉ። ሐጃ ደግሞ ብቅል አይሆንላቸውም። እናም እምነታቸውን እማማ ላይ ጣሉ።

እኔ የሐጃ ልጅ አላሳሰበችኝም። «እናቴስ መቼ ነው የምትመጣው?» አልኩ።

እማማ ወደ ጆንያው አዩ። «ይሄ ብቅል ሲደርስ» አሉ።

በማግስቱ በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ጣሳውን ከግድግዳው አወረድኩ። ብቅል ውሃ እንደሚወድ አይቻለሁ። እማማ እርጭ እርጭ የሚያደርጉት ደግሞ አሮጊት ስለሆኑ ነው፤ አሮጊት ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ቀዳዳውን በጣቴ ደፍኜ፣ የሸክላው የውሃ ማሰሮ፣ ዚሩ ውስጥ ነክሬ፣ ጨለማው ክፍል ገብቼ ጆንያው ላይ አፈሰስኩት። ደገምኩ። ሠለስኩ። ጆንያውን ገልጬ አየሁ፤ ክሩ ረዝሟል? ትንሽ የረዘመ መሰለኝ። እንደገና አፈሰስኩ።

አወራውም ነበር። «እናቴ ጥርሷ ፍንጭት ነው» አልኩት። «ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አንተ ቶሎ ከደረስክ እሷም ትነሣለች። ፍጠን እሺ?» ገዳሪፍ ከገባሁ ወዲህ ብዙ ያወራሁት ከሱ ጋር ነው።

ሁለት ቀን እንዲህ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን በሩን ሳልከፍተው ሸተተኝ፤ የኮመጠጠ ሊጥና የሰነበተ እርጥብ ጨርቅ። ገለጥኩት። ነጩ ክር ጠቁሯል። ስነካው እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። ቶሎ ብዬ ሸፈንኩት፤ ድንጋዩን መለስኩ፤ ጣሳውን ሰቀልኩ፤ ኒሙ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። እማማ ይመቱኛል ብዬ አልነበረም። እናቴ መንገድ ጀምራ ነበር፤ አሁን ግን ከመንገድ ወደኋላ ዞረች። እሱን ነበር የማስበው።

ያን ቀን እማማና ሐጃ ብቅሉን ሊያዩ አብረው መጡ። ጆንያው ሲገለጥ ሐጃ አፍንጫቸውን በቶባቸው ያዙ።

«ይሄ ምንድነው አንጓች? ረመዳን በር ላይ ቆሞ? ልጄን ልታሰድቢያት ነው?»

እማማ ጥቁሩን ፍሬ አንሥተው አሸተቱት። «በውሃ ታፍኖ ነው የሞተው። አንች ነሽ የነካካሽው?»

«እኔ? ወላሂ ደጁንም አልረገጥኩ! ጠማቂ ባበላሸች ቁጥር በጎረቤት ታሳብባለች?»

«ኧረ ተይኝ! አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ብቅል ገድዬ አላውቅም። አንች ሙያሽ ስለማያምር…»

«ሙያዬ? ሙያዬን ዛሬ ነው ያወቅሽው?»

ሁለቱ አሮጊቶች ሲናቆሩ አላስቻለኝም። «እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ፤ ለቀናት ጮክ ብዬ አውርቼ አላውቅማ። «ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ነው። ሲደርስ እናቴ ትመጣለች ስላሉኝ። አሁን አትመጣም አይደል?»

 ሐጃ ደፉ ላይ ቁጭ አሉና እማማን በዓረብኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ የቁጣ ነገር።  ምን እንደተባለ አልገባኝም፤ እማማ አንገታቸውን ሲደፉ ግን አየሁ።

«ሐላስ» አሉ ሐጃ ሲነሡ። «ፈተሪታ ማሽላ ሱቄ ውስጥ አለኝ፤ ዛሬውኑ ዘፍዝፊው። ግን ይህችን ዝናብ ከአጠገቡ አርቂልኝ!»

እማማ አላራቁኝም። በተቃራኒው ሱክ መዋላቸውን ቀንሰው ጨለማው ክፍል አስገቡኝ። «እጅሽን ስጭኝ» አሉና መዳፌን ጆንያው ላይ አደረጉት። ከሥር ይሞቃል፣ ልክ እንደተኛ ሰው ሆድ። «ሲሞቅ እየሠራ ነው። አሁን ተይው። የሚያድግ ነገር ዓይን ሲበዛበት ይደናገጣል።»

ጠዋት ጠዋት አንዲት ፍሬ ብቻ ያወጡና ለሁለት ከፍለን እናላምጣለን። የመጀመሪያው ቀን የዝናብ ኩሬ ይላል። ሁለተኛው ቀን ጥሬ ባቄላ። በሦስተኛው ወተት ወተት አለኝ። በአራተኛው ጠዋት ስነክሳት ስኳር ሆነች፤ ስውጣት ደግሞ ምላሴ ሥር አንዲት ቀጭን መራራ ነገር ቀረች።

«መራራው ከኋላ መጣ?» አሉኝ እማማ።

«መጣ።»

«እንግዲያ አንች በይው።»

«ምን ልበል?»

«ምን ሆነ ብቅሉ?»

«የደረሰ ነው» አልኩ። እስከዚያ ቀን የኔን ቃል ጠብቆ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ማድረቁ ጣጣ ነበር። ሰሌን ላይ አስጥተን ደመና እንጠብቃለን። ጠብታ ስትወድቅ እማማ በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ ሰሌኑን ይዘን እንሮጣለን፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሰን እንዘረጋለን። ደረቀ፣ ተፈጨ፣ ሐጃ ግቢ ሄደ። ሐጃና ሴቶቹ ሰፊ የጋለ ብረት ላይ በስሱ እያፈሰሱ ሲጋግሩት የተቃጠለ ስኳርና የቅመም ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ጨዋታ አቁመው ሲያሸቱ ሰማኋቸው። ዝም ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ግን አልመጣችም።

ብቅሉ የደረሰ ቀን እግሬን ታጥቤ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። በማግስቱም ታጠብኩ። በሠልስቱም። እማማ ከሱክ በጊዜ ተመለሱና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ትርንጎ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

ትልቅ ሰው እንዲህ ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም።

«መቼ እንደምትመጣ አላውቅም። ዝናቡ የእርሻውን መንገድ ቆርጦታል፤ ጭቃው ትራክተር ይውጣል። ደህና ትሁን አትሁን እንኳ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አላውቅም ማለት ከበደኝና በብቅሉ አሳበብኩ። ይቅር በይኝ።»

ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ ስለ ጣሳው ጠየቅኩ። «ያ የተበሳ ጣሳ ለምንድነው የተሰቀለው?»

እማማ እንዳልተቆጣሁ ያኔ ገባቸው መሰለኝ፤ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ስለ ጠላ ቤቱ ነገሩኝ። ቀዳዳው እንጨቱ ጫፍ ላይ በሚስማር የተመታበት ነው። ቤቱን ሲዘጉ ነቅለው ያመጡት እሱን ብቻ ነው። «እሱን የደፋን ቀን እስኪመሽ ደጃችን ሰው አይጎድልም ነበር። ከጎንደር፣ ከቋራ፣ ከዚህ ከሱዳን። የማናውቀው ሁሉ።»

«ጣሳው ከተሰቀለ ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል» አሉ እማማ፣ ሌላ ቦታ እያዩ።

ምን እንዳደረግኩ ገምታችኋል።

በማግስቱ፣ በሩ እንደተቆለፈ፣ የልብስ ማስጫውን ምርኩዝ እንጨት እየጎተትኩ አጥሩ ጥግ አቆምኩት። በገመድ ከአጥሩ ጋር አሰርኩት፤ ጫፉ ላይ ጣሳውን ደፋሁ። ተቀመጥኩ። አንድ ራክሻ፣ የዚህ አገር ባጃጅ፣ አለፈ። አንድ አህያ አለፈ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! ጠላ አለ ወይ?»

በአማርኛ! ደግሞም በኛ አገር አማርኛ፣ የወንድ ድምፅ። ብድግ አልኩ።

«ኧረ በሩ ከውጭ ነው የተቆለፈው» አለ ሌላው። «ጣሳው የድሮ ይሆናል፤ እንሂድ በሉ።»

እነዚህ ሰዎች እጄ የገባች ኳሴ ነበሩ። ሊሄዱብኝ ነው።

«አለ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጠላ አለ! ባለቤቷ አሁን ይመጣሉ፤ ቆዩ!»

ዋሸሁ። ሦስቱ ሰዎች ሳቁና አጥሩ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ሰማሁ።

«አንች ማነሽ? ጠላዋ ናት የምታወራን?»

«ትርንጎ ነኝ።»

«ጎሽ ትርንጎ! ጉሽ ነው ወይስ የተጣራ?»

ጉሽ ምን እንደሆነ አላውቅም። «ሁለቱም» አልኩ። ማዶ በሳቅ ፈረሱ። እንዲሄዱብኝ ስላልፈለግኩ ጥያቄውን ያዝኩት፤ ከየት ናችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ። አራሚዎች ነበሩ። ዝናቡ ሳይብስ ከእርሻ የወጡ፣ ከተማ ውስጥ ሥራ አጥተው የሚንከራተቱ።

«ካምቦ ነበራችሁ?» አልኩ። ግንባሬን አጥሩ ላይ አስደገፍኩ። «እናቴን አታውቋትም? ውባለም ነው ስሟ። ጥርሷ ፍንጭት ነው። ወጥ ትሠራለች።»

 ከዚያ አንደኛው «በርበሬ የምታበዛዋ?» አለ።

«አዎ!»

«ወይ ጉድ! የኛ አብሳይ እኮ ናት! ከካምቦ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ‹ገዳሪፍ ልጅ አለችኝ፣ ደህና ነኝ በሏት፣ ጭቃው ሲደርቅ መስከረም ላይ እመጣለሁ በሏት› ትላለች። እኛም እሺ ብለን ወጣን። ቤቱን ግን በማን እንጠይቅ? አንች ነሻ!»

እናቴ ደህና ናት። መልእክቷ በየጎዳናው ሲዞር ሰንብቶ በተበሳ ጣሳ ደጄ መጣ። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። ማዶ ያሉት እየተቀባበሉ «ኧረ ተይ፣ ኧረ አይዞሽ» ይሉኛል።

ድንገት የሐጃ ጩኸት መጣ። ጣሳውን ከሱቃቸው አይተውታል። «ያ ራቢ! ታሰርን! ማን ነው ከሻ የሚጠራብን?» እንጨቱ ሲነቀነቅ አየሁ፤ ጣሳው ከላይ ጠፋ። ኋላ እንደሰማሁት ቶባቸው ሥር ነው የሸሸጉት። ሐጅ ያደረጉ ሴትዮ፣ የጠላ ጣሳ በብብታቸው!

እማማ የደረሱት በዚያው መሃል ነው። ሰዎቹን አዩ፣ ባዶውን እንጨት አዩ።

«እናቴ፣ ጠላ አለ ተብለን ነበር» አለ ትልቅየው፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ማን ነው ያለው?»

ከአጥሩ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ተደበቅኩ። ሰውየው ግን የእናቴን መልእክት ነገራቸው። እማማ በሩን ከፈቱት። ሳያዩኝ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ።

«ግቡ» አሏቸው። «በዚህ ጣሳ የመጣ ሰው ሳይጠጣ ተመልሶ አያውቅም። ዘይነባ፣ እባክሽ።»

ሐጃ አጉረመረሙ፣ ሄዱ፣ አንድ ትልቅ ማሰሮ ሕሉ ሙር ነክረው ተመለሱ። ቀይ ቡናማ ነበር፤ ለልጃቸው አማት ሳይላክ የመጀመሪያ ቀማሾቹ የጎንደር አራሚዎች ሆኑ። ትልቅየው ተጎነጨ። ዓይኑን ጨፈነ። ሁላችን ጠበቅን፤ ሐጃ ከሁሉም በላይ።

«ጠላ አይደለም» አለ።

«ጠላማ ይሁንልህ እንዴ! አስተግፊሩላህ!»

«ይቆዩ እንጂ ሐጃ። ጠላ አይደለም፤ ብቅሉ ግን ብቅል ነው። ይጣፍጥና መራራው ከኋላ ይመጣል። የእናቴ ደጅ ድረስ ወሰደኝ። ማን ነው ያበቀለው?»

እማማ በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ። ሐጃ «እንግዲያ ነገ እልከዋለሁ» አሉና ያኔም በቶባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ግቢው ዝም አለ። ኒሙ፣ ጎጆው፣ እኔ። ያው ብቸኝነት ነው፤ አልሄደም። ግን መስከረም የሚባል ቀን ነበረው፣ ደግሞ እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ በሩን ከውጭ ቆልፈው ሄደው አያውቁም። ኳሷም ስትወድቅ ለልጆቹ ቶሎ እወረውርላቸው ጀመር።

እናቴ መስከረም ላይ መጣች፤ እኛም እዚሁ እማማ ዘንድ ቀረን። በመጣች ቀን ጭቃ ክፍሏ ባዶ ነበረች፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተዘፈዘፈም።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ስልኩን ለእማማ ሰጠችልኝ። ጆሯቸው ስለደከመ ይጮኻሉ። «ትርንጎ! ጥንስሱን ጥዬዋለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ይደርሳል። ብቻዬን አልቀምሰውም፤ ሰው ጥሪ!»

«ማንን ልጥራ እማማ?»

«የምታውቂውን። የማታውቂውንም።»

ይኸው ጠራኋችሁ። ከገላባት ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ገበያው ስትወጡ ማንንም አትጠይቁ፤ ቀና ብላችሁ ጎኑ የተጨራመተ ጣሳ ፈልጉ፤ ከሥሩ ብታዩት ሰማይ በቀዳዳው ይታያል። ጉሽ አለ፣ የተጣራ አለ፣ ለማይጠጣ ቅራሪና ቀሪቦ አለ። ሐጃ ዘይነባም ሕሉ ሙራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «ለዚያች ጠማቂ ሙያ ላሳያት» ብለዋል። በተለይ ብቻችሁን የምትውሉ፣ ሰው የምትጠብቁ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚነግራችሁ ያጣችሁ፣ እናንተ እንዳትቀሩ። ተሻግሬ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።

«ቤቶች! ጠላ አለ ወይ?» በሉኝ።

አለ እላችኋለሁ። በዚህ ጊዜ እውነቴን ነው።